መላጣ አንገቶቹ ለምን ቀሩ

በ1973 ዓ.ም. የሠላሳ ስምንት ዓመት ሰው ነበርኩ። እናቴ አርባ ሞልቶሃል ትለኝ ነበር። እሷ ዓመት የምትቆጥረው የትኛው እንሰት መቼ እንደተተከለ እያሰበች ነው፤ እኔ ግን የቀበሌ መታወቂያዬ ላይ የተጻፈውን ይዣለሁ። ሥራዬ ጋሪ መንዳት ነበር። ከተማችንን ያኔ አዋሳ ነበር የምንላት። መኪና ጥቂት ነው፣ መንገዱ ሰፊና ሜዳ ነው፣ ለፈረስ ትመቻለች። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ስለዚህ የሚያነበኝ ሰው ቃሉ ባያምርለት ነገሩን ይያዝልኝ።

ነገሩ ስለ ዶሮ ነው። ስለ ዶሮ ደግሞ ምን ይጻፋል የሚል አይጠፋም፤ ልጆቼም ብለውኛል። በዚያ ዓመት ያየሁት ግን እስከ ዛሬ ያነጋግረኛል፤ ግማሹ ገብቶኛል፣ ግማሹ አልገባኝም።

ቤታችን ዛሬ ባህል አዳራሽ በሚባለው ክፍለ ከተማ ውስጥ ነበር። ያኔ በቤትና በቤት መካከል ያለው አብዛኛው ሣር ነው። ዶሮ ታስሮ የሚቀለብበት ዘመን አይደለም። ጠዋት በር ሲከፈት ይወጣሉ፣ ቀኑን ሙሉ ጭረው ያገኙትን ይበላሉ፣ ሲመሽ ራሳቸው ይገባሉ። የእኛዎቹ ግን አንድ ሲሳይ ነበራቸው፤ ፈረሴ ፉርሽካ ሲበላ ከአፉ የሚረግፈውን ይለቅማሉ። ይህን ያወቁ የጎረቤት ዶሮዎችም ጠዋት ጠዋት በአጥሩ ቀዳዳ እየሾለኩ ፈረሱ እግር ሥር ይሰበሰባሉ። ፈረሱም ለምዷቸው ነበር፤ ኮቴውን ሲያነሳ እንኳ አይቶ ነው።

ጎረቤታችን ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ነበሩ። ሰፈሩ ሁሉ እትዬ ይላቸዋል፤ እኔም እትዬ ነው የምላቸው። ባላቸው የመንግሥት ሠራተኛ ሆነው ከሰሜን የተዛወሩ ሰው ነበሩ፤ እሳቸው ሲያርፉ እትዬ እዚሁ ቀሩ። የሚተዳደሩት በዶሮ ነው። አስታቅፈው ያስፈለፍላሉ፣ ያሳድጋሉ፣ ቄቧንና አውራውን ለዓመት በዓልና ለአራስ ጠያቂ ይሸጣሉ። ደንበኞቻቸው የቢሮ ሠራተኛ ሚስቶች ነበሩ። እነዚያ ሴቶች ዶሮ ሲገዙ ለወንድማቸው ሚስት የሚመርጡ ነው የሚመስሉት። ቀይ መሆን አለበት፣ እግሩ ቢጫ መሆን አለበት፣ አናቱ ላይ የላባ ቁንጮ ያለው ጉትዬ ከሆነ ደግሞ እጅ በእጅ ነው የሚሄደው። ጥቁር አይገዙም፤ ጥቁር ዶሮ ይዞ የታየ ሰው ወደ ጠንቋይ ቤት ነው የሚወስደው ይባላል። መላጣ አንገትማ ዞር ብለውም አያዩት።

የእኔዎቹ ደግሞ አብዛኞቹ መላጣ አንገት ነበሩ። ከከተማው ወጣ ብላ ቱላ የምትኖረው እናቴ ናት የሰጠችኝ። አይቶ ለማያውቅ ልንገረው፤ ይህ ዶሮ ከጭንቅላቱ ሥር እስከ ትከሻው ላባ የለውም። ታሞ አይደለም፣ ሰውም አልነጨው፤ ከእንቁላል ሲወጣ ጀምሮ እንዲያ ነው። እያደገ ሲሄድ ፀሐይ ይመታውና አንገቱ እንደ በሰለ በርበሬ ይቀላል። ደረቱና ክንፉ ሥርም ላባው ሳሳ ያለ ነው።

እትዬ መጀመሪያ ያዩዋቸው ዕለት አጥሩን ተደግፈው ብዙ ቆዩና፣ «ጎረምሳ፣ መንጨት ጀምረህ ነው የተውካቸው? ውሃው ቀዘቀዘብህ?» አሉኝ።

ሰፈሩ በዚህ ከረመ። ጋሪዬ ላይ የሚሳፈር ሰው ሳይቀር ውሃው ፈላልህ ወይ ይለኛል። እኔም ዝም አላልኳቸውም። የእርስዎ ጉትዬ ቁንጮዋ ዓይኗን ሸፍኗት ጭልፊቱን የምታየው ጫጩቷን ይዞ ሲሄድ ነው እላቸዋለሁ። እውነትም ነበር፤ ጉትዬዋ ከላይ የሚመጣውን አታይም።

ነገሩ በቀልድ ቢጀመርም እኔን ማየት አስለመደኝ። ቀትር ላይ የሚሳፈር ሰው የለም፤ ፈረሱን ፈትቼ ከዘይቱን ዛፋችን ሥር እቀመጣለሁ፣ ከፊቴ ያለው ዶሮ ነው። የካቲት ላይ ከሐይቁ ነፋስ ሲጠፋ የእትዬ ቀያዮች ጥላ ሥር ክንፋቸውን አንሰራፍተው አፋቸውን ከፍተው ያለከልካሉ። መላጣዎቹ በዚያው ሰዓት ፀሐይ ላይ ይጭራሉ። ይህንንስ ማንም ይደርስበታል፤ ካፖርት ያልደረበ ሰው አይሞቀውም።

ሌላ ሌላው ነው ያስገረመኝ። ክረምቱ አልፎ የወባ ትንኝ ሲበዛ ዶሮ ፈንጣጣ ይይዘዋል፤ ፊቱና አናቱ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ እንደ ኪንታሮት ያብጣል። የአናቱ ሥጋ ትልቅና የተንዘረፈፈ የሆነ አውራ ዓይኑ እስኪጋረድ ይሠቃያል። ሥጋው አጭርና ጥፍጥፍ ያለው ቶሎ ይሽራል። መላጣዎቹን ትንኝ ይጨርሳቸዋል ብዬ ነበር፤ ያ ሁሉ አንገት ገላጣ ነዋ። አንድ ሁለት ቦታ ቆስሎ ደረቀና አለፈላቸው። ለምን? እንጃ። እግራቸው ላይ ላባ ያላቸው ደግሞ አሉ፤ እነሱ ጭቃ ይዘው ይገባሉ፣ ከጭቃው ሥር እከክ ይገባል። መላጣዋን ይዤ ስፈትሻት አንገቷ ላይ ቅማል የሚጠለልበት ቦታ የለም።

ባለቤቴ ይህን ስታይ፣ ሰው በሬ ያያል፣ ሰው ፈረስ ያያል፣ የእኔ ባል የዶሮ ብብት ያያል ትል ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ኋላ ስለሚያስፈልግ። መላጣው ቀይ አውራዬ አጥር አያግደውም። ከእትዬ ቀያዮች ጋር ተገናኝቶ ጫጩቶቹ ሲፈለፈሉ ግማሾቹ አንገታቸው የለበሰ፣ ግማሾቹ መላጣ ሆኑ። መላጣ የሆኑትም ጉሮሯቸው ሥር እንደ ከረባት ትንሽ ላባ አንጠልጥለዋል። ከአንዲት እናት፣ ከአንድ ዕቅፍ፣ ሁለት ዓይነት። እትዬ ተቆጥተው ከረባት ያሰሩትን ለእኔ በአጥር ላይ ወረወሩልኝ፤ የለበሱትን ሸጡ። ስለ አውራዬ የተናገሩትን አልጽፈውም።

የዚያ ዓመት ፋሲካ ሲቃረብ ከቱላ በኩል ፈንግል ገብቷል የሚል ወሬ መጣ። ፈንግል የዶሮ ቸነፈር ነው። የገባበት መንደር ጠዋት ያለው ዶሮ ማታ የለም። እኛ አገር ይህ ወሬ ሲሰማ ሰው የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ ሳይሞትብኝ ልሽጠው ብሎ ዶሮውን ጠፍሮ ገበያ ያወጣል። ጤነኛውም ይወጣል፣ የታመመውም ይወጣል፣ እግር በእግር ታስሮ ቁልቁል ተንጠልጥሎ። ከተማ ያለው ደግሞ በዓል ስለደረሰ ይገዛል። ገበያው ዶሮ በዶሮ ሆኖ ዋጋው ሲወርድ ሁሉም ፈጣሪን ያመሰግናል።

እትዬም ገዙ። የራሳቸውን ለደንበኛ አስቀምጠው ለራሳቸው ፋሲካ ርካሽ ላግኝ ብለው ነው። ያመጡት አውራ እንዲህ በቀላሉ አይገኝም፤ ቀይ ሆኖ ጭራው እንደ ቁራ ክንፍ ያብረቀርቃል። እግሩን ወጥ ቤታቸው በር ላይ አሰሩት። ዶሮዎቻቸው ዙሪያውን ከበው አብረውት ሲለቅሙ ሰነበቱ።

ሰሞነ ሕማማት ሲገባ አውራው መጮህ ተወ። ክንፉ ወረደ፣ አናቱ ላይ ያለው ሥጋ ቀይነቱን ትቶ ጠቆረ። እኔ አጥሩ ጋ ሆኜ አየሁት። የእኛ ቤት ጰንጤ ነው፤ ጸሎት ቤታችን በዚያ ዘመን ታሽጎ በየቤታችን በቀስታ እንጸልይ ነበር፤ የሁዳዴ ጾም የለብንም። ስለዚህ እትዬ፣ ይህ ዶሮ ታሟል፣ ይስጡኝና ከግቢዎ ላውጣው፣ አርጄ ልቅበረው አልኳቸው።

«በሰሞነ ሕማማት ከግቢዬ ወጥቶ ደም አይፈስም» አሉኝ። «ደግሞ ለፋሲካ የገዛሁት ነው። መንገድ አድክሞት ነው፣ ይበረታል።»

ዘሎ ገብቼ መውሰድ አይቻልም። የሰው ንብረት ነው፣ የሰው ሃይማኖትም ነው። አውራው እንደታሰረ ስቅለት ዕለት ሞተ። ጾም ባይሆን ሲያዛጋ ገና ታርዶ ድስት ውስጥ ይገባ ነበር። ጾም ስለሆነ በሽታውን ይዞ ከሌሎቹ መሀል ሰነበተ።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን የማያውቅ ዶሮ አርቢ የለም። መጀመሪያ ጉትዬዋ አፏን ከፍታ ታቃስት ጀመር። ከዚያ አረንጓዴ ተቅማጥ። ከዚያ አንዳንዶቹ አንገታቸው ተጠማዞ ሰማይ ሰማይ እያዩ ይሽከረከራሉ። እትዬ ያልሞከሩት የለም። ነጭ ሽንኩርት ወቅጠው፣ ሎሚ ጨምቀው፣ ፌጦ በጥብጠው አጠጡ። አንዱ አረቄ ፍቱን ነው ብሏቸው አረቄም አንቆረቆሩላቸው፤ የሰከሩት ዶሮዎች ተንገዳግደው ሞቱ። ቀያዮቹ በሙሉ አለቁ። የቀረችው አንዲት አሮጌ ጥቁር ዶሮ ብቻ ናት። እሷም ብትሆን ለሦስት ቀን ያህል ራሷን ቀብራ ቆየችና አንድ ጠዋት ተነስታ መጫር ጀመረች።

እኛም ቤት ገብቷል። ፈረሱ እግር ሥር ተሰብስበው ሲበሉ የከረሙ ናቸው፣ እንዴት አይገባ። አንገታቸው የለበሱት የእኔ ዶሮዎች ሁሉም ሞቱ። ከመላጣዎቹም ሁለት ሞተዋል፤ ይህንን ሳልጽፍ ባልፍ ዋሾ ነኝ። ሌሎቹ መላጣዎች አንዳንዶቹ ትንሽ አነጠሱ፣ አንዳንዶቹ ምንም አልሆኑም። አውራዬ እንዲያውም አንድ ቀን እንኳ ሳይጮህ አልዋለም።

ሰፈሩ ሬሳውን ሜዳ ላይ ሲጥል አባ ኮዳ የሚባለው ትልቁ አሞራ ከሐይቁ ዳር ሳይቀር መጥቶ ጣሪያ ላይ ተደረደረ። እኔ ጉድጓድ ቆፍሬ የሁለታችንንም ቤት የሞቱትን ቀበርኩ። እትዬ ቆመው ያዩኝ ነበር። ስጨርስ ያሉኝን አልረሳውም። «እንግዲህ ዲላ ልሄድ ነው» አሉ።

ዲላ ልጃቸው አለች፣ ባለትዳር ናት። ከአማቻቸው ጋር አይዋደዱም። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ነገር ግን የሚጎርሱትን የሚያይ ሰው ነው ይላሉ። ዶሮ እስካላቸው ድረስ የራሳቸው ቤት፣ የራሳቸው በር ነበራቸው። ዶሮው ሲያልቅ የቀበሌውን ቤት መልሰው የአማች እጅ ማየት ሊሆን ነው። ባለቤቴ ይህን ስትሰማ ጓዳ ገብታ አለቀሰች፤ ለእሷ እንደ እናት ነበሩ። ሁለቱንም ልጆቿን ያዋለዷት እሳቸው ናቸው።

እኔ ደግሞ አንድ ሐሳብ ያዘኝ። ለምን መላጣዎቹ ቀሩ? ይህን ካወቅሁ ለእትዬ የማይሞት ዶሮ ሊኖራቸው ይችላል። ባለቤቴ፣ ሴትዮዋ ዕቃ እየሸከፉ ነው፣ አንተ ለምን ለምን ትላለህ ትለኛለች። ያለ ለምን ምን ይደረጋል?

መጀመሪያ የጠየቅሁት ከእንስሳት ሕክምና የመጣውን ወጣት ነው። ቀበሌው ልኮት ሰፈሩን እየዞረ ሬሳውን ቅበሩ፣ ግቢውን አጽዱ፣ ዝናብና ፀሐይ ሳይመታው አዲስ ዶሮ አታስገቡ እያለ ያስተምር ነበር። ጥሩ ልጅ ነበር፣ ወንበር ስሰጠው ጉልበቱ ላይ ዶሮዬን አስቀምጦ ምላሷንና ዓይኗን አየ። ከያዘ በኋላ መድኃኒት የለውም፣ ከመያዙ በፊት የሚሰጥ ክትባት አለ፣ አሁን እጄ ላይ የለም አለኝ። እሺ፣ አንገቱስ አልኩት። ላባ ከሌለው በሽታው የሚይዘው ያጣል ወይ?

«ጓድ፣ ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል» አለኝ። «ዶሮ አንዴ ይዟት ከተረፈች ደሟ በሽታውን ያውቀዋል፣ ሁለተኛ ሲመጣ ትቋቋመዋለች። እነዚህ ስንት ዓመታቸው ነው?»

እዚህ ላይ ቆምኩ። አንገት አንገት ስል ዕድሜ አላሰብኩም። የሞቱት ሁለቱ መላጣዎች ቄቦች ነበሩ። የቀሩት ከእናቴ የመጡት ናቸው፣ እናቴ ስንት ዓመት እንዳቆየቻቸው አልጠየቅኋትም። አውራዬ ቆጥ ሳይሆን ዘይቱኑ ላይ ነው የሚያድረው፣ የእትዬ ግን ሁሉም በአንድ ቅርጫት ሥር ነበር የሚታፈኑት። ይህንንም ለልጁ ነገርኩት። እሱም አንዱ ምክንያት ሊሆን ይችላል አለ። ሦስት ሆነ ማለት ነው፤ አንገት፣ ዕድሜ፣ ማደሪያ። ወጣቱ ሲሄድ ተናድጄበት ነበር። አንድ አምጣ ስለው ሦስት ሰጥቶኝ ሄደ። ቆይቶ ግን ደስ አለኝ።

ቱላ የሚሄድ ተሳፋሪ ባገኘሁበት ቀን እናቴ ጋ ወረድኩ። እንሰት እየፋቀች ነበር፤ ተቀመጥና ይህን ያዝልኝ ብላ ጫፉን አስያዘችኝ። በሲዳምኛ ነው የምናወራው፣ ያለችውን በአማርኛ ልመልሰው። የሰጠሽኝ መላጣዎች ስንት ዓመታቸው ነው አልኳት። እሷ እንጃ፣ ሁለት ፈንግል ያዩ ናቸው አለችኝ። ዕድሜ በፈንግል መቁጠሯ ነው። ለምን ይህን ያህል አቆየሻቸው ብላት መፋቋን አቁማ እንደ ጅል አየችኝ።

«ለማን ልሽጣቸው?» አለች። «ነጋዴው ይመጣል፣ ቀዩን ቄብ ይወስዳል፣ ነጩን ይወስዳል፣ ቁንጮ ያለውን ይወስዳል። መላጣውን አንስቶ መልሶ ያስቀምጠዋል። እንግዳ ሲመጣም አይታረድም፣ እንግዳው ንቀውኝ ነው ይላል። ስለዚህ ይቀመጣል። ፈንግል ሲመጣ የሚሞተው ይሞታል። የማይሞተው እንቁላል ይጥላል፣ ያንን አስታቅፋለሁ። እናቴም እንደዚያ ነበረች።»

ጋሪዬ ላይ ሆኜ ስመለስ ነው የገባኝ። ቆንጆው ዶሮ ገና በቄብነቱ ይሸጣል፣ ይበላል። ጠንካራ ይሁን ደካማ ማንም ሳያውቅ ነው ድስት የሚገባው። ማንም የማይፈልገው ግን ቤት ይከርማል፣ በሽታ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ ይመጣበታል፣ ደካማው ይወገዳል፣ የቀረው ይወልዳል። ከዚያ የእትዬ ጥቁር ዶሮ ትዝ አለችኝ። እሷ አንገቷ የለበሰ ነው፣ ቅርጫት ሥር ነው ያደረችው፣ ግን ቀርታለች። ለምን? ጥቁር ስለሆነች የሚገዛት ጠፍቶ አርጅታለች። እሷም ፈንግል አይታ ይሆናል።

ግን ስወጣ ለእናቴ አንድ ጥያቄ ጨምሬላት ነበር፤ ታዲያ አንገቱ ራሱ ምንም አይሠራም ማለት ነው ወይ? እሷም አንገቱን ጠይቀው ብላ ወደ እንሰቷ ተመለሰች።

ሰኔ ገብቶ ግቢዎቻችንን ዝናብ ደጋግሞ ካጠባቸው በኋላ፣ አመድም ነስንሰንበት፣ አንድ ቀን ከሰዓት እትዬ ጋ ገባሁ። ባለቤቴም ተከተለችኝ። ሣጥናቸው በገመድ ታስሯል። ለቀበሌው ቤቱን ሊመልሱ ለሳምንቱ ተቀጣጥረዋል። እኔ መላጣዎቼን ለእኩል እርባታ ልስጥዎ አልኳቸው፤ ዶሮው የእኔ፣ ጥበቃው የእርስዎ፣ ጫጩቱን እኩል እንካፈላለን። ይህ በአገራችን የኖረ ነው፣ ውለታም አይባልም።

ፊታቸውን አኮሳተሩ። «ጎረምሳ፣ እኔ የምሸጠው የሚኖር ዶሮ አይደለም፣ የሚያምር ዶሮ ነው። መላጣህ መቶ ዓመት ቢኖር ማን ይገዛኛል? አንተ ትገዛኛለህ?»

እውነታቸውን ነው። ባለቤቴ ነች የገባችበት፤ እስኪደላደሉ እንቁላል ይሽጡ፣ እንቁላል እንደሆነ አንገት የለው አለቻቸው። እትዬ ሳያስቡት ሳቁ። ፈንግል ከገባ ወዲህ ሲስቁ አላየኋቸውም ነበር። ሲስቁ ሳይ ያሰብኩትን ሁሉ ዘረገፍኩት። እናቴ ያለችውን፣ ወጣቱ ያለውን፣ የጥቁሯን ነገር። ከዚያ የዚያን አጥር ዘላይ አውራዬን ጫጩቶች አነሳሁ። ከአንድ ዕቅፍ ግማሹ መላጣ ግማሹ የለበሰ ወጥቶ የለም ወይ? አሁን ደግሞ ጥቁሯ ከፈንግል ወዲህ እየጣለች ነው፣ አባቱም ያው የእኔ አውራ ነው። ሁለቱም ሞት አይተው የተመለሱ ናቸው። ጥንካሬው በደም የሚወርድ ከሆነ አንገታቸው የለበሱት ጫጩቶችም ጠንካራ ይሆናሉ፤ እነሱን ደንበኛ ይገዛል። ጥንካሬው ከአንገቱ ገላጣነት የመጣ ከሆነ ግን የለበሱት ይሞታሉ፣ መላጣዎቹ ይቀራሉ።

እትዬ አገጫቸውን ይዘው አሰቡ። ቀለማቸውስ አሉኝ። ከጥቁርና ከቀይ ምን እንደሚወጣ እንጃ፣ ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለበት ገብስማም ሊሆን ይችላል፣ ወርቅ አንገትም ሊሆን ይችላል አልኳቸው። ገብስማ ይሸጣል አሉ ለራሳቸው። ከዚያ ጥያቄው እሳቸውም ልብ ውስጥ ሲገባ አየሁት።

«አንድ ሆድ የወጡ ናቸው እኮ» አሉ። «ታዲያ የለበሰው ከወንድሙ ያንሳል? ምን ልብስ ነው ሰው የሚገድል?»

እሱን ነው የማናውቀው፣ ከሚቀጥለው ፈንግል በፊት የሚያውቅም የለም አልኩ።

ባለቤቴ ክንዴን ቆነጠጠችኝ፣ እንዳትናገር ማለቷ ነው። እትዬ ተነስተው ሣጥኑን ዞሩት፣ ገመዱን በእግራቸው ነካ አደረጉት። «ይህንንስ ሳላይ ዲላ አልሄድም» አሉ። «ብሄድም እንቅልፍ አይወስደኝም። ግን አንድ ነገር፤ ጥቁሯ አርጅታለች፣ መታቀፍ ትታለች። እንቁላሉን ማን ይታቀፍልኛል? አንተ?»

እናቴ ጋ አንዲት መላጣ ባዶ ጎጆ ላይ ቁጭ ብላ አልነሳም ብላለች፣ እሷን አመጣለሁ አልኳቸው። እንቁላሎቹን እስከዚያ ጤፍ ውስጥ ቀብረው በቀዝቃዛ ቦታ እንዲያቆዩ ተስማማን። መላጣ ለመላጣ ይተዋወቃሉ ብለው ሸኙኝ።

በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ፈረሱን ጠምጄ ቱላ ወረድኩ። እናቴ ዶሮዋን ከነጎጆዋ ቅርጫት ውስጥ አስገብታ፣ በኮባ ቅጠል ሸፍና፣ ሥሯም ሁለት የውሸት እንቁላል ትታ ጠበቀችኝ፤ ሙቀቱን እንዳትረሳ ነው አለች። ቅርጫቱን ተሳፋሪ የሚቀመጥበት ላይ አድርጌ ሣር ደጋገፍኩበት። ከዚያ ልጓሙን በእጄ ይዤ ከፈረሱ ፊት ፊት በእግሬ እየሄድኩ፣ ጉድጓድ ባየሁ ቁጥር ዳር እየያዝኩ፣ ወደ ከተማ ተመለስኩ። ፀሐይ ስትወጣ መንገዱ ላይ ሠራተኛው ቆሞ ጋሪ ይጠብቃል። አንዱ ባዶ ነህ እኮ፣ አሳፍረን እንጂ ብሎ ጮኸብኝ። ሰው ይዣለሁ አልኩትና አለፍኩ።